ሃያ አራት ወደብ

የጣና ወደብ አንድ ነው፤ መርከቧ የምትጠጋበት፣
አሮጌ ጎማ የታሰረበት፣ ፔሊካን የሚያንቀላፋበት።
የእኔ ወደብ ግን ሃያ አራት፤
ከትኬት መስኮቱ ጀርባ፣ ከመጥረጊያውና ከባልዲው በላይ
ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ አቧራ የለበሰ ብረት።
"ስዊች ይባላል" አሉኝ፤
"ተረከቢ" አሉና የሣጥኑን ቁልፍ ብቻ ሰጡኝ።

አቶ አንማው ለጡረታ ሦስት ወር ቀርቷቸዋል፤
የመነጽራቸውን ዘንግ በኬብል ሽቦ አስረውታል።
ሰማያዊውን ገመድ ከላፕቶፑ ሰኩት፤
ጥቁር መስኮት ተከፈተ፣
ሥዕል የለው፣ ቁልፍ የለው፣ በጣት የሚነኩት።
አንዲት ነጭ ጭረት ብቻ ብልጭ ድርግም አለች፣
"እህሳ?" እንዳለች።

"በይ ጻፊ።"
"ምን ብዬ?"
"ካላወቅሽ ጠይቂያ!"
ትምህርት ቤት እጄን ያወጣሁ ለት
ከኋላ ወንበር የተሳቀብኝ አልወጣልኝም ነበር።
ፈራ ተባ እያልኩ አንዲት የጥያቄ ምልክት ጻፍኩ።
ብረቱ አልሳቀም።
የሚያውቀውን ቃል ሁሉ፣ ቆሮሶ ከመረብ እንደሚራገፍ፣ ዘረገፈው፤
ገጹ ሲሞላ ቆም ብሎ "ገና አለ" አለኝ።

መጀመሪያ ደጃፍ ነው፤ ማየት እንጂ መንካት የለም።
"ኢነብል" ብለሽ ትገቢያለሽ፤ ከዚያ "ኮንፊግ"፤
ከዚያ ወደቡን በቁጥሩ ትጠሪዋለሽ።
"የት እንዳለሽ ከጠፋሽ፣ የመስመሩን ራስ አንብቢ፤
የቆምሽበትን ሳታዪ ትእዛዝ አትስጪ" አሉኝ።
ሦስቴ ጠፋሁ።
"ኤግዚት" ስል አንድ በር፣ "ኤግዚት" ስል ሌላ በር፣
ወጥቼ ወጥቼ ደጅ ቀረሁ።

አንድ ፊደል ስስት
ከፊደሏ ሥር ልክ፣ የጎጆ ክዳን የምታህል ምልክት አቆመ፤
እዚህ ጋ ነው የሳትሽው፣ ወዲህም ወዲያም አይደለም።
ስንቱ "ተሳስተሻል" ብሎኝ አልፏል፤
የቱ ጋ እንደሆነ ግን አንድም ሰው አሳይቶኝ አያውቅም።

ደግሞ "ክፈት" የሚባል ቃል የለውም!
የተዘጋን ወደብ ለመክፈት
"አትዘጋ" ነው የሚባለው።
ሳቄ መጣ፤ አባቴ ትዝ አለኝ፤
ይሄን ሥራ ልያዝ ወይ ብዬ የጠየቅሁት ማታ
መረቡን እየቋጠረ፣ ቀና ሳይል፣
"አልከለክልሽም" ነበር ያለኝ።

ትኬት ቤቱን በአሥር፣ ሒሳብ ክፍሉን በሃያ፣
የበሩን ካሜራ በሠላሳ ለየሁ፤
በአንድ ውሃ ላይ እየሄዱ እንደማይተያዩ ጀልባዎች፣
የዘጌው ለብቻ፣ የደቁ ለብቻ።
ኮራሁ። ሣጥኑን ቆልፌ፣ በዘንባባዎቹ ሥር
እያፏጨሁ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሌሊት መብራት ጠፋ።
ጄኔሬተሩ ሲነሳ ስዊቹ ሁሉን ረስቶ ነቃ፣
እኔን ጭምር።
ጠዋት ተሳፋሪው ከነሽንኩርቱ፣ ከነዶሮው፣ ከነቆርቆሮው ተሰለፈ፤
ትኬት በእስክሪብቶ ተጻፈ፣ እጃችን እስኪዝል።
አንዲት ባልቴት "ምን ሆናችሁ?" አሉኝ።
"ማስቀመጥ ረስቼ ነው፣ እማማ።"
"ምኑን?"
"የነገርኩትን።"
"ኧረ ልጄ፣ የነገሩትንማ ማን ያስቀምጣል!"
ትኬቷን መቀነታቸው ጫፍ ላይ ቋጠሯት።

አቶ አንማው አልተቆጡም። ወንበር ሳቡልኝና
"ድገሚው" አሉ፤ "ስትጨርሺ 'ራይት' በይው፤
በአፉ የያዘው ሌላ፣ መዝገቡ ላይ ያለው ሌላ ነው።"
ደገምኩት። ቃሉን በግማሽ ስጀምር
ታብ ስነካ እሱ ይጨርሰዋል፤
እንደ ታላቅ እህቴ፣ የምለውን ቀድማ እንደምታውቀው።
ራይት።
እሺ አለ።

ዛሬ ማታም መብራት ሄደ።
ውሃው ድንጋዩን ሲልስ ይሰማል፣ ሌላ ድምፅ የለም።
ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ።
መብራቱ ሲመለስ አረንጓዴዎቹ አንድ በአንድ በሩ፤
ቆጠርኳቸው፤ አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት፣
አሥራ ሰባተኛው ጨለማ።
ልቤ ድንግጥ አለ።
ኋላ ትዝ አለኝ፤
እሱን የዘጋሁት እኔ ነኝ።